አካልና ተሸካሚ፦ በአሮጌ ፒክአፕ መነሻነት ስለ ማንነትና ስለ ሐቀኝነት

አንድ ነገር ክፍሎቹ እየተለወጡ ሲሄዱ እስከ የት ድረስ ያው ራሱ ነው ሊባል ይችላል? ከየትኛው ለውጥ በኋላስ ሌላ ነገር ሆኗል ይባላል? ይህ ጥያቄ ሲሰሙት የፍልስፍና መምህራን ብቻ የሚከራከሩበት ረቂቅ ጉዳይ ይመስላል። ዳሩ ግን ጥያቄው በየዕለቱ በተጨባጭ የሚነሣበት፣ መልሱም በብርና በሰው ሕይወት የሚተመንበት ቦታ አለ፤ እርሱም ጋራዥ ነው። በወልድያ፣ በደሴ ወይም በአዲስ አበባ ጋራዦች የአንድ አሮጌ ፒክአፕ ጋቢናና ካሶኒ ከኖረበት ሻንሲ ተፈትቶ፣ በሰንሰለት ተነሥቶ፣ ከሌላ መኪና በተገኘ ሻንሲ ላይ ሲቀመጥ፣ ሠራተኞቹ አሰቡበትም አላሰቡበትም፣ አንድ ጥንታዊ ጥያቄ በእጃቸው ይዘዋል። ከጋራዡ የሚወጣው መኪና የትኛው ነው? የፊተኛው ነው ወይስ የኋለኛው? ወይስ ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ?

ጥያቄውን ከላስታ ደጋ አንፃር መመልከት ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ የአገሩ አቀማመጥ መኪናን ያለ ርኅራኄ የሚፈትን ነው። ከወልድያ ወደ ምዕራብ አቀበቱን ወጥቶ ጋሸና የሚደርሰው፣ ከጋሸናም ወደ ሰሜን 64 ኪሎ ሜትር ያህል ዘልቆ ላሊበላ የሚገባው መንገድ ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራረቁበት ነው። ላሊበላ በ2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ በአጠገቧ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4200 ሜትር በላይ ይደርሳል። በዚህ አገር ፒክአፕ ገብስና ስንዴ፣ በግና ጨው ብቻ ሳይሆን ለቅዳሜ ገበያ የሚወጣውን ገበሬ፣ ለልደት በዓል የሚመጣውን ምእመን፣ ሲብስም ወደ ሐኪም ቤት የሚወሰደውን በሽተኛ ይጭናል። ሁለተኛ፣ አካልና ተሸካሚ ፈጽሞ የማይነጣጠሉባቸው ሕንፃዎች፣ ማለትም ከአንድ ዐለት ተፈልፍለው የወጡት አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙት በዚሁ ምድር ላይ ነው። ስለዚህ ከጋራዥ የተነሣው ጥያቄ ወደ ጥበብና ወደ ቅርስ ጥያቄ የሚሸጋገርበት መንገድ እዚያው አለ።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥራው አንፃር ማየት ይገባል። በዛሬው አብዛኛው የቤት አውቶሞቢል አካሉ ራሱ አጥንቱ ነው፤ ላሜራ ከላሜራ ተበይዶ ሸክሙን በኅብረት ይሸከማል። ፒክአፕ ግን በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ነገሮች ናቸው። ከታች፣ ሁለት ረጃጅም ብረቶች በአግዳሚዎች ተያይዘው እንደ መሰላል የተሠራው ሻንሲ አለ። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ባሌስትራውና ጎማዎቹ የሚያያዙት ከእርሱ ጋር ነው። ከላይ፣ ሾፌሩ የሚቀመጥበት ጋቢናና ዕቃው የሚጫንበት ካሶኒ አለ። የላይኛው ከታችኛው ጋር የተገናኘው በብሎን ታስሮ ነው። ብሎን ደግሞ የሚፈታ ነገር ነው።

ሁለቱ እኩል አያረጁም። አንዳንዱ መኪና ወለሉና የበሩ ግርጌ በዝገት ተበልቶ ሳለ ሻንሲው ጤነኛ ይሆናል። ሌላው ደግሞ ጋቢናው ሳይነካ፣ ከልኩ በላይ ሲጫን በመኖሩ ወይም በመገልበጡ፣ ሻንሲው ይጣመማል፣ ወይም ባሌስትራው በሚያርፍበት አካባቢ ይሰነጠቃል። የአንዱን ጤነኛ ክፍል ከሌላው ጤነኛ ክፍል ጋር ማጋጠም የሚታሰበው በዚህ ጊዜ ነው። ሥራው ግን ሲያወሩት እንደሚቀለው አይደለም። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት መስማማት አለበት። የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ትይዩ መሆን አለባቸው። የመሪው ዘንግ፣ የፍሬን ቱቦውና የኤሌክትሪክ ሽቦው ሳይወጠሩና ሳይተሻሹ መገናኘት አለባቸው። ካልገጠመ ብረት ይቆረጣል፤ ይበየዳል። ብየዳ በባለሙያ እጅ ሁለቱን አንድ ያደርጋል፤ ያለ ቦታው ሲያርፍ ግን በዙሪያው ያለውን ብረት በሙቀት ያዳክማል። ድካሙም በጋራዡ ደጃፍ አይታይም፤ ከወራት በኋላ፣ በዳገት ላይ፣ በጭነት ሥር ነው የሚገለጠው።

ይህንን ሁሉ ጣጣ የሚያስመርጠው የኑሮ ግዴታ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ፣ በተለይም በዕድሜ የገፉ ተሽከርካሪዎችን ወደ አገር ማስገባት በእጅጉ ውድ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። እንዲህ ባለ ጊዜ በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው ይንራል፤ መለዋወጫውም እንደ ወርቅ ይፈለጋል። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ተፈታትቶ የተደረደረው ብረት ሁሉ ከአንድ ቦታ የሞተ፣ በሌላ ቦታ ሊነሣ የተዘጋጀ የመኪና አካል ነው። እንግዲህ አካልን ከአካል መቀጠል በመሠረቱ የቁጠባ ጥበብ ነው፤ በራሱ ነውር የለበትም። ነውር የሚገባው በሌላ በር ነው።

ያን በር ለማግኘት ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መመለስ ያስፈልጋል፤ መኪናው የትኛው ነው? ሦስት ሰዎች ሦስት መልስ ይሰጣሉ።

ሕግ አዋቂው የሚያየው ቁጥር ነው። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች ዋናው በሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ነው፤ ሊብሬውም ይህንኑ ይዞ ይገኛል። በዚህ ዓይን፣ ሻንሲው የተለወጠበት ሰው በእጁ ያለው ሌላ መኪና ነው። ባለንብረቱ ግን መኪናውን የሚያውቀው ከላይ ነው። የበሩን ጎድጓዳ፣ የቀለሙን መደብዘዝ፣ የወንበሩን ስንጥቅ፣ አባቱ መሪውን ይዞ የተቀመጠበትን ጋቢና ነው የሚያውቀው። ከታች ምን እንዳለ ተንበርክኮ ላያይ ይችላል። ስለዚህ «መኪናዬ አልተለወጠም፤ ተጠገነ እንጂ» ይላል። መካኒኩ ደግሞ የሚሄደውን ይመለከታል። ለእርሱ መኪና ማለት የሚሸከመውና የሚንቀሳቀሰው የታችኛው ክፍል ነው፤ የላይኛው ልብስ ነው።

ከሦስቱ ማንኛቸውም አልተሳሳቱም። ሕግ ኃላፊነትን፣ ባለንብረቱ ትዝታን፣ መካኒኩ አገልግሎትን ተከትለው ሄደዋል። ማንነት ከነገሩ ውስጥ ተቆፍሮ የሚወጣ የተደበቀ ማዕድን ሳይሆን፣ ነገሩ ከሰዎች ጋር ባለው ግንኙነት ውስጥ የሚኖር ነው። ግንኙነቱ ሲለያይ መልሱም ይለያያል።

የጥንት ግሪኮች ይህንኑ በመርከብ ላይ አስተውለውታል። ጸሐፊው ፕሉታርክ እንደሚተርከው፣ አቴናውያን የጀግናቸውን የቴሴዎስን ባለ ሠላሳ መቅዘፊያ መርከብ ሲጠብቁ የበሰበሰውን ሳንቃ እያነሡ አዲስ ይተኩበት ነበር። ፈላስፎችም «ያው መርከብ ነው» እና «አይደለም» በሚሉ ሁለት ወገኖች ተከፈሉ። በ17ኛው ምእተ ዓመት እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ ጥያቄውን ከፍ አደረገው፤ የተነሡትን አሮጌ ሳንቃዎች አንድ ሰው ሰብስቦ በቀድሞ ቅደም ተከተላቸው ሁለተኛ መርከብ ቢሠራባቸውስ የቴሴዎስ መርከብ የትኛው ሊሆን ነው? ለሆብስ ይህ የሐሳብ ፈተና ነበር። በጋራዥ ግን በእውን የሚያጋጥም ነው። ከፒክአፑ የወጣው ሻንሲ ተጠግኖ፣ ሌላ ጋቢና ተጭኖበት፣ በሌላ መንገድ ላይ ሊታይ ይችላል። ያን ጊዜ አንድ ታሪክ ለሁለት መኪና ይከፈላል። አንደኛው ባለቤት መልኩን፣ ሁለተኛው ባለቤት ቁጥሩን ይዘው «የእኔ ነው» ይላሉ። ከወንጀል የተገኘ መኪናም ከንጹሑ ጋር የሚቀላቀለው በዚሁ ስንጥቅ ገብቶ ነው።

ታዲያ የላስታ ገበሬ ስለ እርሻ ዕቃው ይህ ጥያቄ ለምን አያስጨንቀውም? ማረሻው ሲያልቅ ከአንጥረኛ አዲስ ያስመታል፤ ሞፈሩ ሲሰበር ሌላ እንጨት ጠርቦ ይተካል፤ ድግሩም፣ ቀንበሩም፣ እርፉም በየጊዜያቸው ይለወጣሉ። ከዓመታት በኋላ ከመጀመሪያው ዕቃ አንዳች ባይቀርም «ከአባቴ የወረስሁት» ቢል የሚያፍርበት የለም። በገጠሩ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ነው። ክዳኑ ይነሣል፤ ግድግዳው ፈርሶ እንደገና ይሠራል፤ አንዳንዴም ሣሩ ወደ ቆርቆሮ ይለወጣል። ደብሩ ግን ያው ደብር ነው፤ ስሙንና ክብሩን የያዘው ታቦቱ ነውና።

ከእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛ፣ ማኅበረሰቡ ማንነቱ በየትኛው ክፍል ላይ እንደ ተቀመጠ አስቀድሞ ተስማምቷል። ሁለተኛ፣ ለውጡ በአደባባይ ነው። ሣሩን ያጨደው፣ ጭራሮውን የተሸከመው፣ ክዳኑን የከደነው ምእመኑ ራሱ ስለ ሆነ ማንም አይታለልም። ሞፈሩ ሲጠረብ ጎረቤት ያያል። እንግዲህ የሥነ ምግባር ጥያቄው «ክፍሉ ተለውጧል ወይ?» የሚል አይደለም፤ «የሚመለከታቸው ሰዎች መለወጡን ያውቃሉ ወይ?» የሚል ነው።

ይህንን ሐሳብ በጥበብ መስክ ለመፈተን ላሊበላ ከማንኛውም ቦታ ይልቅ ትመቻለች። ከ11ዱ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የሆነውን ቤተ አማኑኤልን የተመለከተ ሰው በግድግዳው ዙሪያ አግድም የሚሄዱ፣ አንዴ ወጣ አንዴ ገባ ያሉ ሰፋፊ መስመሮችን ያያል። መስመሮቹ ለጌጥ ብቻ የተፈለሰፉ አይደሉም። የአክሱም ዘመን ግንበኞች ግድግዳ ሲሠሩ አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት እያፈራረቁ ነበር፤ እንጨቱ ድንጋዩን አስሮ ይይዘዋል። ከላሊበላ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በዋሻ ውስጥ በተሠራው በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይህ አሠራር በእውነተኛ እንጨትና በእውነተኛ ግንብ ቆሞ እስከ ዛሬ ይታያል። እዚያ መስመሩ ሥራ አለው፤ ሕንፃውን ይሸከማል። በቤተ አማኑኤል ግን መስመሩ በአንድ ዐለት ላይ የተቀረጸ ስለ ሆነ የሚያስረውም የሚሸከመውም ነገር የለም። የሚሸከመው ዐለቱ ነው።

በሌላ አነጋገር፣ የላሊበላ ጠራቢዎች የአክሱምን ሕንፃ አካል አንሥተው በሌላ ሻንሲ ላይ አስቀምጠዋል ማለት ይቻላል። ቅርጹ የቀድሞው ነው፤ ተሸካሚው ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ይህ ማታለል ነውን? አይደለም። ምክንያቱም ቅርጹ «እኔ እሸከማለሁ» ብሎ አያስመስልም። ወደ ጉድጓዱ የወረደ ሰው ሁሉ በዙሪያው ያለውን የተፈለጠ ዐለት አይቶ ሕንፃው ከምን እንደ ወጣ ያውቃል። ቅርጹ እንደ ትዝታና እንደ ክብር፣ ዐለቱ እንደ ኃይል፣ እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ይሠራል። ታላቅነቱም ከዚህ የመጣ ነው።

የተገላቢጦሹም በዚያው አለ። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ዴቪድ ፊሊፕሰን እንደ ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ያሉት በመጀመሪያ ለቤተ ክርስቲያንነት እንዳልተፈለፈሉ፣ በኋላ ግን ወደዚህ አገልግሎት እንደ ተለወጡ አስረድተዋል። በዚህ አስተያየት መሠረት በአማኑኤል ቅርጽ ጸንቶ ተሸካሚ ሲለወጥ፣ በእነዚህ ደግሞ ተሸካሚው ጸንቶ አገልግሎቱ ተለውጧል። ከአንድ ድንጋይ የወጣ ሥራ እንኳ ከለውጥ ነጻ አይደለም ማለት ነው።

የጥገናው ታሪክ ደግሞ የመሸሸግን አደጋ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በተካሄደ ጥገና አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ሬንጅ ተቀብተው፣ በላዩ ቀይ ቀለም ተደርጎባቸው ነበር። ሐሳቡ ዝናብን ለመከላከል ነበር። ነገር ግን ውሃ እንዳይገባ የሚከለክል ልባስ በሌላ በኩል የገባው እርጥበት እንዳይወጣም ያፍናል፤ ቀለሙም ዐለቱን የሚመስል ሌላ ገጽ ሆኖ እውነተኛውን ገጽ ከዓይን ይሰውራል። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በጣሊያናዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት በተካሄደው ጥገና ያንን ልባስ ማንሣት ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ ሆነ። በአንጻሩ በቤተ መድኃኔ ዓለም ዙሪያ ከወደቁት የውጭ ዓምዶች አንዳንዶቹ በተጠረበ ድንጋይ ተገንብተው ተተክተዋል። ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የትኛው ከዐለቱ ጋር የተወለደ፣ የትኛው በኋላ የተተካ መሆኑን በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ይለያል። ሕንፃው ቆሟል፤ ያየውም ሰው አልተታለለም።

በእ.ኤ.አ. 1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር ለቅርስ ጠጋኞች ያስቀመጠው ሕግ ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። በጎደለው ቦታ የሚተካው ክፍል ከጠቅላላው ጋር መስማማት አለበት፤ ይሁን እንጂ ታሪካዊና ጥበባዊ ማስረጃው እንዳይዛባ ከጥንቱ ተለይቶ መታወቅ አለበት ይላል። ይህ ሕግ ለአብያተ ክርስቲያናት ብቻ የተሰጠ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ለፒክአፕም ይሠራል።

የሻንሲ ለውጥ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይታያልና። በአንደኛው፣ ባለንብረቱ ሻንሲውን ከታወቀ ሰው ይገዛል፤ ውሉን ይይዛል፤ ለውጡን ለሚመዘግበው አካል ያስታውቃል፤ ያስመረምራል፤ ሲሸጥም ለገዢው የለወጠውን ይነግራል። መኪናው ሁለት ወላጅ እንዳለው ሁሉም ያውቃል። በሁለተኛው፣ የቁጥሩ ቦታ ተቆርጦ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይበየዳል፤ በላዩ ስቱኮ ይለሰናል፤ በስቱኮው ላይ ቀለም ይረጫል። የብየዳው ብረትና የብየዳው እጅ በሁለቱም አንድ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ስቱኮው ነው። በመጀመሪያው መገጣጠሚያው ለፈለገው ሰው የሚታይ ነው፤ በሁለተኛው ከሚያስፈልገው ሰው የተሰወረ ነው።

በዚህ ላይ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። አንዲት ፒክአፕ ብቻ ያለችው፣ በእርሷም ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው እውነቱን ቢናገር ዋጋዋ ይቀንስበታል፤ ለምርመራና ለምዝገባ ሲመላለስ የሥራ ቀን ይቃጠልበታል፤ ምናልባትም ከመንገድ ይታገድበታል። ሐቀኝነት ያለው ሰው የሚችለው ቅንጦት ነው፤ ድሃን በዚህ መጠየቅ ግፍ ነው ሊባል ይችላል። እርግጥ ነው፣ ምዝገባን አስቸጋሪ የሚያደርግ አሠራር ሰውን ወደ ስቱኮ ይገፋል፤ ስለዚህ የጥፋቱ ድርሻ የግለሰቡ ብቻ አይደለም። ሐቁን ለተናገረ ሰው መንገዱን ማቅለል የሕዝብ አስተዳደር ግዴታ ነው።

ሆኖም ክርክሩ አንድ ነገር ይዘነጋል። የተሸሸገው ዋጋ አይጠፋም፤ ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል። በካሶኒው ላይ ከእህል ጆንያ መካከል የተቀመጠችው፣ ወደ ገበያ የምትሄደው እናት የሻንሲውን ስንጥቅ አታውቅም። ስለማታውቅም ልትስማማ ወይም ልትቃወም አትችልም። ባለንብረቱ ከራሱ ላይ ያወረደው የገንዘብ ኪሳራ በእርሷ ላይ የሕይወት አደጋ ሆኖ ይጫናል። እርሷ ደግሞ ከእርሱ የባሰች ድሃ ናት። ስለዚህ ድህነትን ለመሸሸግ ምክንያት ማድረግ የድሃውን ሸክም ለባሰው ድሃ ማሸከም ነው። አካሉን የሚያየው ብዙ ነው፤ በተሸካሚው ላይ ሕይወቱን የሚያኖረው ግን ሳያየው ነው። ሐቀኝነት ከሁሉ አስቀድሞ የማይታየውን ክፍል በሚመለከት የሚጠየቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ እውነት ከብረትም ከድንጋይም ያለፈ ነው። የባህል ሰዎች ዕለት ዕለት የሚሠሩት ሥራ በአብዛኛው አካልን ከአንድ ተሸካሚ ወደ ሌላ ማዛወር ነው። ለሠርግ፣ ለአጨዳ ወይም ለንግሥ የነበረ ዜማና ውዝዋዜ ከዐውድማውና ከደጀ ሰላሙ ተነሥቶ በከተማ መድረክ ላይ ይቀመጣል። የተሸከመው ሕይወት ቀርቶ መብራትና የድምፅ ማጉያ ይሸከመዋል። ይህን ማድረግ ኃጢአት አይደለም፤ የአማኑኤል ጠራቢዎችም አድርገውታል። ነገር ግን መድረኩ መድረክ መሆኑን፣ የተጨመረው የተጨመረ መሆኑን ለተመልካቹ የማይነግር ሥራ፣ «ይህ ከጥንት እንዳለ ነው» የሚል ስቱኮ የለሰነ ነው። መምህሩም አሮጌውን ትምህርት በአዲስ የመጽሐፍ ልባስ አቅርቦ «ተለወጠ» ቢል፣ የድርጅት ኃላፊውም ተሸካሚው የተሰነጠቀበትን መሥሪያ ቤት ስያሜውንና ቀለሙን ቀይሮ «ታደሰ» ቢል፣ ሥራቸው ከዚሁ አይለይም። ሕዝቡ በካሶኒው ላይ ተቀምጧል።

እንግዲህ «ያው መኪና ነው ወይስ ሌላ?» ለሚለው ጥያቄ ተገቢው መልስ እንዲህ ነው። አካሉ የፊተኛው፣ ተሸካሚው የኋለኛው የሆነ፣ ሁለት ታሪክ ያለው አንድ መኪና ነው። ይህንን ሙሉ ስም ይዞ እስከ ሄደ ድረስ በማንም ፊት ሊያፍር አይገባውም። ጠግኖ ማቆየት፣ ከሁለት ስባሪ አንድ ደኅና ማውጣት፣ ያለውን ሳይጥሉ ለነገ ማሻገር የዚህ አገር ሕዝብ የኖረበት ብልኃት ነው። ብልኃቱን ከማታለል የሚለየው የመገጣጠሚያው መኖር አለመኖር አይደለም። መገጣጠሚያው ሸክሙን የሚችል መሆኑና ሊያየው ለሚገባው ሰው ግልጽ ሆኖ መቀመጡ ነው።